ይነቀል ወይስ እንደገና ይታከም?

ውድ አንባቢዎቼ፥ ይህ ዐምድ ብዙ ጊዜ ስለ መጻሕፍት፥ ስለ ትምህርትና ስለ መልካም ጠባይ የሚጨዋወት ስለ ሆነ፥ ዛሬ ስለ አንድ መንጋጋ ጥርስ ሲያወራ ብታገኙት አትገረሙ። ጥርሱ የራሴ ነው። አምና ደመወዜን፥ እንቅልፌንና ጥቂትም ትዕቢቴን የወሰደብኝ ይኸው ጥርስ ነውና፥ ከእርሱ የተማርሁትን ባላካፍላችሁ ንፉግ የምባል ይመስለኛል። ደግሞም ከእናንተ መካከል በተማሪነት ጊዜው ጥርሱን አሳክሞ «ነርቩ ተገድሏልና ከእንግዲህ አይነካኝም» ብሎ የተቀመጠ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም እንደዚሁ ብዬ ተቀምጬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዩኒቨርሲቲ የመጨረሻው ዓመት ላይ ሳለሁ፥ በላይኛው ረድፍ በቀኝ በኩል ያለው አንደኛው መንጋጋዬ ተቦርቡሮ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። ሐኪም ዘንድ ብሄድ «ሩት ካናል» የሚባለውን ሕክምና አደረገልኝ። ይኸውም በጥርሱ ሥር ውስጥ ያለውን የታመመ ነርቭ አውጥቶ፥ ቦዩን ጠርጎ መሙላት ማለት ነው። ሥራው ሲፈጸም ሐኪሙ «ከላይ የሞላሁልህ ጊዜያዊ ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ ተመልሰህ ክራውን የሚባለውን ሽፋን አስገባ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ክራውን ማለት ዘውድ ማለት ነው። ለዚሁ የሚሆን ገንዘብም ከዘመድ ለምኜ አጠራቅሜ ነበር። ዳሩ ግን ጥርሱ ሕመሙን ተወ፤ የምረቃውም ቀን ቀረበ፤ እኔም በገንዘቡ ሱፍ ልብስ ገዛሁበት። ጥርሴ ዘውድ ሊደፋ ሲገባው እኔ ሱፍ ለበስሁ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል በሰላም አለፈ። ጊዜያዊው ሙሊት ሲሸራረፍ በርካሽ ዋጋ ሌላ አስሞላሁበትና ነገሩን ረሳሁት። አምና ጥቅምት ወር ላይ ግን፥ በማስተምርበት በደብረ ብርሃን ከተማ፥ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ ቆሎ ስቆረጥም ጥርሱ ድንገት ጠዘጠዘኝ። ቀዝቃዛ ውሃ ስይዝበት ምንም አይለኝም፤ የደብረ ብርሃን ብርድም አልነካውም፤ ጥርስ በጥርስ ላይ ሲያርፍ ግን ዐይኔ እንባ ያቀርራል። በሳምንቱ ከጥርሱ በላይ ባለው ድዴ ላይ ብጉር የምታህል እብጠት ወጣች፤ በምላሴ ስጫናት መጥፎ ጣዕም ያለው መግል ታወጣለች። ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ሳስተምርም አፌን በእጄ መከለል ጀመርሁ።

መቼም ጥርሱን ላመመው ሰው መካሪ አይጠፋም። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ንከስበት አለኝ፤ ሌላው ቅርንፉድ። ቅርንፉዱስ ሕመም ያስታግሣል፤ የጥርስ ሐኪሞችም ከቅርንፉድ ዘይት የሚገኘውን ዩጂኖል የሚባል ነገር በሥራቸው ይጠቀሙበታል። ይሁን እንጂ በሥሩ ውስጥ የተደበቀውን ባክቴሪያ አያወጣውም። ሦስተኛው መካሪ ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝቼ እንድውጥ ነገረኝ። ይህ ደግሞ በብዙዎቻችን ዘንድ የተለመደ ስሕተት ነው። ክኒኑ የሚሠራው ደም ይዞት በሚደርስበት ቦታ ነው፤ ነርቩ በወጣለት ጥርስ ውስጥ ግን የሚዘዋወር ደም የለም። ስለዚህ እብጠቱ ለጊዜው ይጎድልና ክኒኑ ሲያልቅ ይመለሳል።

በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነው ጓደኛዬ ግን ነገሩን ባጭሩ ፈረደው። «አንተ ሰው፥ አንድ ጊዜ ታክሞ ያልዳነ ጥርስ ሁለተኛ ምን ሊሆን ነው? አስነቅለውና ተገላገል! ሠላሳ አንድ ጥርስ ይቀርህ የለም ወይ?» አለኝ። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ እኔም ልስማማበት ምንም አልቀረኝም። እንዲያውም በሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ ተነሥቼ፥ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ አዲስ አበባ የገባሁት ለማስነቀል ነበር።

ሐኪሟ በዕድሜ የገፉ ባይሆኑም ጸጥ ያሉ ሴት ነበሩ። ጥርሱን በትንሽ ዘንግ መታ መታ አድርገው፥ ድዱን መርምረው፥ ራጅ አነሡኝ። በራጁ ሥዕል ላይ በአንደኛው ሥር ጫፍ ዙሪያ የምስር ፍሬ የሚያህል ጥቁር ጥላ ይታያል። ጥላው አጥንቱ በመመረዙ ምክንያት የተበላበት ቦታ ነው። እኔም ይህን አይቼ «እንግዲያስ ይነቀል» አልሁ።

«መምህር፥ ልንቀልልዎ ብል ዛሬውኑ እነቅለዋለሁ» አሉኝ። «የተነቀለውን ግን መልሼ ላበቅልልዎ አልችልም። አስቀድመን ለምን እንዳልዳነ እንወቅ፤ ከዚያ በኋላ እንፍረድ።»

አንባቢዎቼ ሆይ፥ የዛሬው ጽሑፌ ፍሬ ነገር ይህችው የሐኪሟ ቃል ናት። ፍርዱ ከምርመራው በኋላ ይምጣ።

ለመሆኑ ጥርስ ውስጡ ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ጥርስን እንደ ድንጋይ እንቆጥረዋለን። ከላይ በእርግጥ በሰውነታችን ካለው ነገር ሁሉ የሚጠነክር ሽፋን አለው፤ ከዚያ በታች አጥንት የመሰለ አካል አለ፤ በመካከሉ ግን ደም ሥርና ነርቭ ያለበት ለስላሳ ሥጋ ይገኛል። ይህ ሥጋ በቀጭን ቦይ እየሄደ እስከ ሥሩ ጫፍ ይደርሳል። የላይኛው የፊት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሥርና አንድ ቦይ አለው። የላይኛው አንደኛ መንጋጋ ግን፥ ማለት ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነን የሚበቅለው፥ ሦስት ሥር አለው። ሦስት ሥር ካለው ሦስት ቦይ ይኖረዋል ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ከግማሽ በሚበልጡት እንዲህ ባሉ ጥርሶች ውስጥ አራተኛ ቦይ ተደብቆ ይገኛል፤ አፉም የመርፌ ጫፍ እንደ ወጋው ቀዳዳ ጠባብ ነው። የእኔም ጥርስ አራተኛውን ቦይ ይዞ ዝም ብሎ ኖሯል።

ታዲያ ነርቭ የሌለው ጥርስ እንዴት ያማል? ብላችሁ ብትጠይቁ፥ መልሱ ቀላል ነው። የሚያመው ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘው፥ ሥሩን የከበበው ሕያው ጅማት ነው። ብርዱ ሳይሰማኝ ቆሎው ያስለቀሰኝም ስለዚህ ነው።

ይህ ሕክምና የሚከሽፍባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አራት ናቸው። አንደኛው፥ ሳይገኝና ሳይጠረግ የቀረ ቦይ ሲኖር ነው። ሁለተኛው፥ ቦዩ ተገኝቶ ሳለ እስከ ጫፉ በደንብ ሳይጠረግ ወይም ሳይሞላ ሲቀር ነው፤ ቦይ እንደ ተራራ መንገድ ጠመዝማዛ ስለ ሆነ ይህ በጎበዝ ሐኪም እጅም ይደርሳል። ሦስተኛው፥ ከላይ የተሞላው ተሸርፎ ምራቅና ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ሲሰርግ ነው። አራተኛው፥ ሥሩ ራሱ ሲሰነጠቅ ነው። የፊተኞቹ ሦስቱ ብዙ ጊዜ መፍትሔ አላቸው፤ አራተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱን ያስነቅላል።

የእኔ ጥርስ አንደኛውንና ሦስተኛውን አጣምሮ ተገኘ። ስለ አራተኛው ቦይ የፊተኛውን ሐኪም መውቀስ ስጀምር፥ ሐኪሟ ራሳቸውን ነቅንቀው «ይህን ቦይ ያለ ማይክሮስኮፕ እኔም ብዙ ጊዜ ስቼዋለሁ። ስለ ሽፋኑስ ምን ይላሉ?» አሉኝ። ስለ ሱፉ ልብስ አልነገርኋቸውም።

መምህር ነኝና ነገሩን ሳላነብ አላደርኩም። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1910 ዊልያም ሐንተር የተባለ የብሪታንያ ሐኪም በካናዳ፥ በሞንትሪያል ከተማ ባደረገው ንግግር፥ በአፍ ውስጥ የተደበቀ መግል የብዙ በሽታ ምንጭ ነው ብሎ አስተማረ። ሌሎች ሐኪሞች ይህን ትምህርት አጋነኑትና ሪሁም፥ የኩላሊቱም፥ የአእምሮውም ሕመም ከጥርስ ነው እያሉ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር እጅግ ብዙ ጥርስ አስነቀሉ። ነርቩ የወጣለት ጥርስ ሁሉ እንደ ወንጀለኛ ተቆጠረ። ጥርሱ ከተነቀለ በኋላም በሽታው በቦታው ሲገኝ፥ ከብዙ ዓመታት ጥፋት በኋላ ልማዱ ተተወ።

በ1965 ደግሞ ካኬሃሺ፥ ስታንሊና ፊትዝጀራልድ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በአሜሪካ አንድ ቀላልና ድንቅ ሙከራ አሳተሙ። ምንም ባክቴሪያ በሌለበት ስፍራ ያደጉ አይጦችንና እንደ ማንኛውም አይጥ የኖሩትን ወስደው፥ ነርቩ እስኪገለጥ ድረስ ጥርሳቸውን በሱት። የተራዎቹ አይጦች ነርቭ ሞተ፥ መገለም። ባክቴሪያ የማያውቁት ግን ምግብ በቀዳዳው እየገባ እንኳ ቁስላቸው ዳነ። እንግዲህ ጠላቱ ባክቴሪያው እንጂ ጥርሱ እንዳልሆነ ግልጽ ሆነ። ጠላት ከቤት ከወጣና በሩ በደንብ ከተዘጋ፥ ቤቱን ማፍረስ ለምን ያስፈልጋል?

ይህን ሁሉ ማወቅ ግን ገንዘብ አያመጣም። ማስነቀሉ ርካሽ ነበር፤ ዳግመኛው ሕክምና ከነሽፋኑ ግን የሁለት ወር ደመወዜን የሚፈጅ ሆነ። ከደመወዜ ላይ ደግሞ በየወሩ ለእናቴ የምልከው አለ። ስለዚህ ማታ ስልክ ደውዬ ነገሩን አጫወትኋት፤ ውስጤ ግን «ተወው ይነቀል» እንድትለኝ ይፈልግ ነበር። እናቴ ጥቂት ዝም ብላ «ልጄ፥ እኔ በወጣትነቴ አራት መንጋጋዬን ነቃይ ነቅሎልኛል። ያን ጊዜ ተገላገልሁ ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንሁ። ዛሬ ቆሎ የምቅመው በሙቀጫ አስወቅጬ ነው። ሁለት ወር ባትልክልኝ አልሞትም፤ ጥርስህን ግን አደራ» አለችኝ።

ጓደኛዬ የቀረውን ሠላሳ አንድ ጥርስ ሲቆጥር ያልቆጠረው ነገር ይህ ነበር። አንድ መንጋጋ ሲነቀል ጎረቤቶቹ ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ፤ ከበታቹ ያለውም የሚጋጠመው ሲያጣ ከቦታው እየወጣ ይሄዳል። ባዶውን ቦታ በሰው ሠራሽ ጥርስ እተካለሁ ያለ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥርሱን ለማዳን ከሚያወጣው የሚበልጥ ገንዘብ ያወጣል። ርካሹ መንገድ ሒሳቡን የሚያቀርበው ቆይቶ ነው።

ሕክምናው ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። በመጀመሪያው ቀን ሐኪሟ ማደንዘዣ ወግተው፥ ጥርሱ ብቻ ብቅ እንዲል አድርገው አፌን በስስ የላስቲክ ጨርቅ ሸፈኑት። ባርነም የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በ1864 የጀመረው ይህ ዘዴ፥ ምራቅ ወደ ጥርሱ፥ መሣሪያና መድኃኒትም ወደ ጉሮሮ እንዳይገባ ይከላከላል። ቀጥሎም አሮጌውን ሙሊት ከፍተው በቦዮቹ ውስጥ የነበረውን ማውጣት ጀመሩ።

በቦዩ ውስጥ የሚሞላው ነገር ጉታ ፐርካ ይባላል። በማላያ አካባቢ ከሚበቅል ዛፍ የሚገኝ፥ ላስቲክ የመሰለ ሙጫ ነው። በ1858 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር የተዘረጋው የቴሌግራፍ ሽቦ የተሸፈነው በዚሁ ሙጫ ነበር። ባሕር ሥር ውሃ ያላስገባ ነገር ጥርስ ውስጥም ምራቅ አያስገባም ብለው ሳይሆን አይቀርም፥ ሐኪሞች በዚያው ዘመን ወደ ጥርስ ሥር አመጡት። እርሱን ለማውጣት ወይ በሙቀት፥ ወይ በሚያለሰልስ ፈሳሽ፥ ወይ እንደ መርፌ በቀጠነ ሞረድ ይሠራል። ከሚያለሰልሱት ፈሳሾች አንዱ የባሕር ዛፍ ዘይት መሆኑን ስሰማ፥ በመስኮት የሚታየኝን ባሕር ዛፍ በአዲስ ዐይን አየሁት።

አሮጌው ሁሉ ከወጣ በኋላ ሐኪሟ በማይክሮስኮፕ እያዩ አራተኛውን ቦይ ይፈልጉ ጀመር። ግማሽ ሰዓት ያህል ቃል አልተነፈሱም። በመጨረሻ «ተገኘ» ሲሉ፥ የጠፋ የተማሪ ደብተር ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ከዚያም ቦዮቹን ሁሉ ደጋግመው አጠቡ። ዋናው ማጠቢያ ሶድየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ ይህም ነጭ ልብስ ከምናጥብበት ከበረኪና ጋር አንድ ነገር ነው። አደራችሁን፥ ይህን ሰምታችሁ በበረኪና አፋችሁን እንዳትጉመጠመጡ! በሐኪም እጅ በጥርስ ሥር ውስጥ መድኃኒት የሆነው በአፍና በጉሮሮ ውስጥ የሚያቃጥል መርዝ ነው። ሲጨርሱ ቦዮቹን ካልስየም ሃይድሮክሳይድ በሚባል፥ ከኖራ ወገን በሆነ መድኃኒት ሞልተው፥ ከላይ ዘግተው ለሁለት ሳምንት አሰናበቱኝ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ብጉር የመሰለችው እብጠት ከድዴ ላይ ጠፍታ ነበር። ቦዮቹ እንደገና ታጥበው፥ ደርቀው፥ አራቱም እስከ ጫፋቸው ተሞሉ። በሦስተኛው ቅዳሜ ጥርሱ ተሞርዶ ልኩ ተወሰደ፤ ቆይቶም ከሦስት ዓመት በፊት ሊደፋው ይገባ የነበረውን ዘውድ ደፋ። ሐኪሟ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። በ2002 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፥ ሥራቸው ታክሞ ሽፋን ያልተደረገላቸው ጥርሶች ሽፋን ካላቸው ይልቅ ስድስት እጥፍ ያህል በሚበልጥ ፍጥነት ይጠፉ እንደ ነበር አሳይቷል። ሱፍ ልብሴ እስከ ዛሬ አለ፤ ክርኑ ግን አልቋል።

አንባቢዎቼ ሆይ፥ ይህን ሁሉ የነገርኋችሁ ማንኛውም ጥርስ ይድናል ለማለት አይደለም። ሥሩ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ፥ ሽፋን የሚሸከም አካል ያልቀረለት፥ ወይም በድድ በሽታ ምክንያት አጥንቱ አልቆ የሚወዛወዝ ጥርስ ቢነቀል ይሻላል። እንደገና የታከመም ቢሆን ሁሉም አይድንም። በየጥናቱ ቁጥሩ ቢለያይም ከአሥር ጥርስ ሰባት ስምንቱ ያህል ይድናሉ፤ የተቀሩት ወይ የሥሩን ጫፍ በቀዶ ሕክምና ማስቆረጥ፥ ወይ መነቀል ይጠብቃቸዋል። ሐኪሟም ገንዘቤን ከመቀበላቸው በፊት ይህን ሳይደብቁ ነግረውኛል።

ስለዚህ ከእናንተ መካከል ይህ የሚደርስበት ቢኖር፥ «ይነቀል» ወይም «ይታከም» ከማለቱ በፊት ሐኪሙን አራት ነገር ይጠይቅ። ፊተኛው ሕክምና ያልተሳካው በምን ምክንያት ነው? ሥሩ ተሰንጥቋል ወይስ አልተሰነጠቀም? ከታከመ በኋላ ሽፋን የሚሸከም በቂ ጥርስ ይቀራል ወይ? ሽፋኑን ጨምሮ ሁሉም ሲደመር ስንት ይፈጃል? የመጨረሻውን ጥያቄ በተለይ አትርሱ፤ እኔን የጎዳኝ ሕክምናውን ከሽፋኑ ለይቼ መቁጠሬ ነው። ግማሽ መንገድ የሄደ ሕክምና ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይኸው ነው። ገንዘቡ ባንድ ጊዜ የማይሞላላችሁ ብትሆኑ ሐኪሙን በክፍያ ተነጋገሩ እንጂ ሥራውን በመካከል አትተዉት።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ በፊት ዕወቁ። እብጠቱ ወደ ዐይን ወይም ወደ አንገት የወጣ ወይም የወረደ እንደ ሆነ፥ ትኩሳት ያለው እንደ ሆነ፥ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ወይም መተንፈስ ያስቸገረ እንደ ሆነ፥ ቅዳሜን ሳትጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ያን ጊዜ በአደጋ ላይ ያለው ጥርሱ ብቻ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ዓመቱ ሞልቶ እንደገና ራጅ ተነሣሁ። የምስር ፍሬ ያህል የነበረው ጥላ የሰሊጥ ፍሬ ያህል ሆኗል። ሐኪሟ ሥዕሉን ካለፈው ጋር አስተያይተው «አጥንቱ እየሞላ ነው፤ ፈጽሞ ዳነ የምንለው ግን ጥላው ሲጠፋ ነው፤ በሚመጣው ዓመት ይመለሱ» አሉኝ። እኔም እመለሳለሁ። ለእናቴ ያቋረጥሁትንም ከመጋቢት ወዲህ መላክ ጀምሬአለሁ፤ ከመጀመሪያው ገንዘብ ጋር ሁለት ኪሎ ቆሎ ጨምሬ ብልክላት፥ አስወቅጣ እንደ ቃመችው በስልክ ነገረችኝ።

ሳምንት ያገናኘን።